ሰላምተኛው አብራሪ

ሠርጋችን ሳምንት ሲቀረው፣ አባቴና የእጮኛዬ እናት እንዲላመዱ ብለን አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ወደ ባሕር ዳርቻ ወሰድናቸው። ሁለት ቀን ሲሳሳቁ ቆዩ። ስንመለስ አባቴ የጦር አውሮፕላን ሙዚየም ካልገባን አለ።

አሮጌዋን ሚግ ሲያይ ፊቱ በራ።

"ወይዘሮ ብርኽቲ፣ ይቺን ነበር የማበራት! ቦምቤን ጥዬ ዝም ብዬ አልሄድም። ዝቅ ብዬ፣ ክንፌን አዘንብዬ፣ መምታቴን አይቼ ነው።"

"ክንፍዎን ያዘነብሉ ነበር?" አሉ እሳቸው።

"ከጓዶቼ እኔ ብቻ! 'ሰላምተኛው' ይሉኝ ነበር።"

እጃቸውን የአውሮፕላኑ ጎማ ላይ አሳረፉ።

"እኛም ሰላምታ መስሎን ነበር። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ከተደበቁበት ጉድጓድ ወጥተው እጃቸውን አውለበለቡልዎ። እርስዎም ተመልሰው መጡባቸው።"

እጮኛዬ እጄን ለቀቀው።