የዶክተር አስካለ ጉዞ

ሕጉ ለአንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ የሚፈቅደው አንድ የአውሮፕላን ጉዞ ብቻ ነው፤ እኔ የራሴን በሕፃንነቴ ለሕክምና ተጠቅሜበታለሁ። ስለ ፍልፈል አንጎል ያጠናሁትን በእንስሳት ባህርይ ጉባኤ ላይ እንዳቀርብ ስጋበዝ፣ አስተማሪዬ ዶክተር አስካለ ያልተጠቀሙበትን ጉዟቸውን በስሜ አዛወሩልኝ።

«የልጅ ልጅዎን ሊያዩበት አልነበር?» አልኳቸው።

«እሷን በስክሪን አያታለሁ፤ ትስቅልኛለች። አንቺን ግን ባለፈው ጉባኤ በስክሪን የሰሙሽ ጊዜ ከተሰብሳቢዎቹ ግማሾቹ አንቀላፉ። በአካል ሂጂና ቀስቅሻቸው።»

ለሕፃኗ የሠሩትን ሹራብ ከሻንጣቸው አውጥተው ሻንጣውን ሰጡኝ።

«ሹራቡስ?»

«በመርከብ እልከዋለሁ። ግን እስኪደርስ ታድጋለች።»

ሰፋ አድርገው እንደገና ሊሠሩት ክሩን ይተረትሩ ጀመር።

«በይ ኑሪያ፣ ንግግርሽን ከመጀመሪያው አሰሚኝ» አሉኝ።