እርጥቡ ቅርንጫፍ

መንገዱን የዘጋውን እርጥብ ቅርንጫፍ ከፍ አድርጎ በስሩ አለፈና ሳይለቀው ቆመ። ዝናቡ በተዘረጋው እጁ እየወረደ እጅጌው ውስጥ ገባ። ብብቱ ድረስ ሲደርስ ተሰማው፣ ግን አልበረደውም። ተራራ ሲወጡ ሚስቱ ሁልጊዜ ከኋላው ነበረች። «ስትንሸራተት የሚስቅብህ ሰው ያስፈልጋል» ትለው ነበር። ከቅርንጫፍ ስር ጎንበስ ብላ ካለፈች በኋላ ጀርባውን መታ ታደርገዋለች፤ እሱም ያኔ ይለቀዋል። ዞር ብሎ አይቷት አያውቅም።

ቀድማ የወጣችው ልጁ ከላይ ሆና ጠራችው።

«አባዬ፣ ምነው ቆምክ?»

«እናትሽ ትለፍ ብዬ» አለ፣ ስለ አየሩ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ።

ከቀበሯት ገና ወር አልሞላም። ሰው የሚበዛበት ቀን ስለማትወድ፣ ዛሬም እንደ ድሮው የልብስ ስፌት ቤቱን በሥራ ቀን ዘግቶ ነበር የመጣው። ከኋላው ጭቃና ዝናብ እንጂ ማንም አልነበረም። ይህን ያውቃል። ጣቶቹ ግን አልታዘዝ አሉት፤ ቢለቀው ፊቷን የሚገርፋት መሰለው።

ልጁ ቁልቁል ተመለሰች። በአጠገቡ አልፋ፣ ከቅርንጫፉ ስር ሾልካ ከኋላው ወረደች። ከዚያ ዞረችና ጎንበስ ብላ እንደገና ወጣች። ጀርባውን በመዳፏ መታ አደረገችው።

ለቀቀው። ቅርንጫፉ ተወንጭፎ ሲመለስ ያዘለውን ውሃ ሁለቱም ላይ አራገፈው። ያኔ ነው የበረደው።