የፍሬኑ አየር

ባልና ሚስቱ ከተኳረፉ ሁለት ወራቸው። የጥንቷ ቮልሳቸው ፍሬን ግን ኩርፊያ አያውቅም፤ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ከሥር ብሎኑን መፍታት አለበት።

«ርገጪ!» አለ ባል ከመኪናዋ ሥር።

«ረገጥኩ!»

«ያዢው!»

«ይኸው ያዝኩ!»

«ልቀቂ!»

«ልልቀቅ? አሁን ገና ያዢ አላልከኝም?»

የፍሬኑ ዘይት ፊቱ ላይ ተረጨ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ደግመው ረገጡ፣ ደግመው ሳቁ። አመሻሽ ላይ አየሩ አለቀ፤ ባል ብሎኑን ጥብቅ አድርጎ አሰረው። እራት ላይ ተመልሰው ዝም ተባባሉ።

ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ ሚስት የብሎን መፍቻ በነጠላዋ ደብቃ ወጣች። ብሎኑን ላላ አድርጋ ትንሽ አየር ልታስገባበት ከመኪናዋ ሥር ተሽሎክልካ ገባች።

ብሎኑ ተፈትቶ ጠበቃት።