የማገናኛው ቀዳዳ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ያላት አንድ ወንድም ነው፤ እሱም እዚያው ተኝቶ የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቃል። ተራው ደረሰ ሲባል ስሙ በኮምፒውተሩ የተራ ዝርዝር ላይ ወደ ታች ይወርዳል። አስተካክላ ትመልሰዋለች፤ ሊጠራ ሲል ዳግም ይወርዳል። ነርሶቹም ስክሪኑ ያሳያቸውን ሌላ ሰው ይዘው ይገባሉ።

መጀመሪያ ስህተት መስሏት ነበር። ኋላ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ስትፈትሽ ቀዳዳውን አገኘችው። የበሽተኛ ስም በሚፈለግበት ሳጥን ውስጥ ከስም ይልቅ ትእዛዝ ለጻፈ ሰው፣ ማገናኛው ፕሮግራም ሳያጣራ የተራ ዝርዝሩን ለያዘው ዳታቤዝ ያቀብልለታል፤ ዳታቤዙም እሺ ብሎ ይፈጽማል። የተነገረውን እንደ ወረደ የሚያደርስ የዋህ መልእክተኛ በሉት። ማገናኛውን ሳይታመም በፊት የጻፈው ራሱ ወንድሟ ነበር። የገዛ ሥራው ጉድ እንደሠራው እንዳይሰማ ብላ አልነገረችውም።

ጥርጣሬዋ «ነገረኛው» በሚሉት፣ ከሥራ በተባረረው ባልደረባቸው ላይ አረፈ። ሲወጣ ከወንድሟ ጋር ተጣልቶ «እንተያያለን» ብሎ ነበር። ሌባ ቢሆን የሚወስደው ነገር ሞልቷል፤ ይሄ የነካው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ቂም ካልሆነ ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ ልትጠይቀው ስትገባ ወንድሟ ዜና የሚያነብበትን አሮጌ ላፕቶፕ ይዘጋና «ዛሬ ማን ገባ?» ይላታል። አንድ ቀን የሦስት ልጆች እናት ነበረች፤ ሌላ ቀን መንታ የተወለደለት አባት። «ተመስገን» ይላል። ደግነቱ አንጀቷን ይበላዋል።

ማገናኛውን ፈታትታ፣ በሳጥኑ የሚገባው ሁሉ እንደ ስም ብቻ እንዲቆጠር አድርጋ ቀዳዳውን ደፈነችው። በማግስቱ የወንድሟ ስም ከላይ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

ሐኪሙ በር ላይ አገኛት። ልቡ በጣም እንደደከመ፣ አሁን ቢከፍቱት ከጠረጴዛው እንደማይነሳ በዝግታ ነገራት። ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ አለና በሩን ከፈተላት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን እጅ ይዛ አለቀሰች። የደበቀችውን ሁሉ፣ ቀዳዳውንም ነገረኛውንም አወጣችለት።

«ስምህን ያወረደው እጅ ይቆረጥ» አለች።

«አትራገሚ፣ እህት ዓለም» አላት። «የረገምሽው እጅ ይኸው፣ ይዘሽዋል።»