«ዞር በል» የሌለበት ሲኒማ

የሲኒማው መኪና ሞተር አጉረመረመ፤ በጉምሩኩ ግድግዳ ላይ የተወጠረው ነጭ አቡጀዴ ቦግ አለ፤ ካሰችም የወንድሟን ግራ እጅ በነጠላዋ ስር ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። የመተማ ሰው በሙሉ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ወዶ ግን አይደለም። የጣሊያን ወታደሮች ከቤት ቤት እየዞሩ «ሲኒማ! ሲኒማ!» እያሉ ሽማግሌውንም አራሷንም ነድተው ነው ያመጡት። የቀረ ሰው «ለምን ቀረ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ወንድሟ ያረጋልም ጀለቢያ ለብሶ፣ ጥምጥሙን እስከ ቅንድቡ አውርዶ መጣ። ለከተማው ሰው የግመል ጫኙ ሷሊህ ነው። ነገ ጠዋት ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር ወደ ጋላባት ይሻገራል፤ እዚያ የእንግሊዝ ግዛት ነው፣ ጣሊያን አይደርስበትም። ይቺ አንዲት ምሽት ብቻ በደህና ትለፍ።

የሚያስፈራው ደግሞ ሲኒማው የተሠራው ከካሰች ተረት መሆኑ ነው። የጠላ ቤቷ ደንበኞች ካሰች ካላወራችላቸው ጠላው አይጣፍጣቸውም። ተረቱ ግን በእውን የደረሰ ነው፦ የባንዳው አለቃ ታላቅ ወንድሟን ደምለውን ገደለው፤ ያረጋልም አለቃውን ጓንግ ወንዝ ዳር አግኝቶ ደሙን መለሰ። ካሰች ስሙንም አገሩንም ለውጣ፣ «በአያቶቻችን ዘመን» ብላ ታወራዋለች። ሁለት ነገር መለወጥ ግን አልሆነላትም። ተበቃዩ የሚተኩሰው በግራ እጁ ነው። ደግሞም ከኋላ አልተኮሰም፤ ጠመንጃውን ደግኖ «ዞር በል! የሟች ወንድም ነኝ!» አለ እንጂ። ያቺን ቃል ስትል ሰካራሙ ሁሉ ጸጥ ይላል። አስተርጓሚው ኸሊፋ አንድ ቀን ጥግ ይዞ ሰማትና ለጣሊያኑ ካፒቴን ወስዶ ነገረው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አቡጀዴው ላይ ተበቃዩ ብቅ አለ፤ ሽፍታ ያስመሰሉት የጣሊያን አስካሪ ነው። ካሰች ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። ጠመንጃውን አነሳ። በቀኝ እጁ።

ነፍሷ መለስ አለች።

«ይኸ ሰውየ ነጠላውን እንደ ሙሽራ ነው የለበሰው!» አለች ጎረቤቷ ረቢዓ፤ በዙሪያዋ ያሉት ሳቃቸውን አፈኑ።

ነገሩ ሁሉ ተበላሽቷል። ጓንግን የሚያህል ወንዝ የውሃ ጉድጓድ ሆኗል። ወንድሟን መርቃ ወደ በቀል የምትልከው እህት ጨርሳ የለችም፤ በእሷ ፈንታ አንዲት ኮረዳ ያለ ነገሩ አበባ ታሸታለች። ካሰች በፍርሃቷ መሀል ተናደደች። ዓመት ሙሉ ቃል በቃል ያሳመረችውን ተረት እንዲህ ያድርጉት? ወዲያው ደግሞ፣ ተመስገን አለች፤ ባበላሹት ቁጥር ያረጋልን አይመስልም።

አሁን አለቃው ዛፍ ስር ተኝቷል፤ ተበቃዩ እንደ ጅብ እየተሽሎከለከ ይመጣል። ሲኒማው ድምፅ ስለሌለው ኸሊፋ በቆርቆሮ መለከት ይጮሃል፦

«ተመልከቱ! ሽፍታው በተኛ ሰው ላይ ከኋላ ተኮሰ! ሽፍታ ማለት ይኸ ነው!»

የያረጋል እጅ በእጇ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

«እታለም፣» አለ በሹክሹክታ፣ «እኔ እንዲህ ነኝ?»

«ዝም በል፣ በደምለው አጥንት።»

«አገር እያየ፣ ከኋላ ተኳሽ አደረጉኝ?»

ካሰች ሰው ሰምቶት እንደሆነ ለማየት ቀና አለች፤ ያኔ ካፒቴኑን አየችው። ወንበሩን ያስቀመጠው ለአቡጀዴው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። የሚያየው ሲኒማውን አይደለም፤ የሚያየው ሰዉን፣ አንድ በአንድ፣ ፊት ፊቱን ነው። ኸሊፋ ተረቱን አሳምሮ ነግሮታል። ያቺን ቃል የጣሏት ተረስታ አይደለም። ደም የመለሰ የአርማጭሆ ሰው «ከኋላ ገደለ» ሲባል ቁጭ ብሎ እንደማይሰማ አውቀው ነው። ወጥመድ ነው።

ያረጋል ጉልበቱን ሰብስቦ ሊነሳ ሲል ካሰች ከት ብላ ሳቀች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። የባትሪ መብራት ፊቷ ላይ ተተከለ። ካፒቴኑ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«እትዬ ካሰች፣» አለ ኸሊፋ፣ «ካፒቴኑ ምን አሳቃቸው ይላሉ። ተረቱ የእርስዎ ነው አሉ፤ እውነተኛው እንዴት እንደነበር ይንገሩን።»

ካሰች የወንድሟን ትከሻ ወደ መሬት ተጭና፣ እንደ መመርኮዝ አድርጋ ተነሳች። የጠላ ቤቷ ደንበኞች በሙሉ እዚያው ናቸው። ያቺን ቃል እየጠበቁ ነው። ቃሏ ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር፤ መዋጡ ሬት እንደመዋጥ ሆነባት።

«ምን የሚነገር አለው፣ እንዳያችሁት ነው፣» አለች። «'ዞር በል አለው' የምለው ለጠላዬ ማጣፈጫ ነው። ከየት አባቱ ያመጣዋል! ሰውየው ተኝቶ ነበር። ከኋላው ነው የተኮሰበት፣ ፈሪ ነው የገደለው። አበባ የያዘችዋ ናት ያሳቀችኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ካፒቴኑ ዓይኑን በሰዉ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረ። የተነሳ ሰው የለም። በመጨረሻ ወንበሩን ጎተት አድርጎ ወደ አቡጀዴው ዞረ።

ካሰች ተቀመጠች። የያረጋልን ግራ እጅ ሳታየው፣ በነጠላዋ ስር በዳበሳ ፈለገችው፤ አላገኘችውም። እጇ ያረፈው ጀርባው ላይ ነው።

«ፈሪ» ካለችው እህቱ ዞር ብሎ ነበር።