የጓያ ቂጣ

ዝናብ ከቀረ ወዲህ በዋግ የሚበቅለው የዘር ተመራማሪዋ ዘርፌ ያዳቀለችው ጓያ ብቻ ነበር። እግር የሚያሽመደምደውን መርዝ ከዘሩ ስላጠፋች አገሩ ሁሉ መርቋት ነበር። ድርቁ ሲበረታ ግን መርዙ ተመለሰ። ስለዚህ በየቤቱ ልጆች ከምሳ በፊት በወላጆቻቸው ፊት ይራመዱ ጀመር፤ እግሩ የከዳው ልጅ ጓያ አይሰጠውም። ሌላ እህል ደግሞ የለም።

ያን ቀን የዘርፌ ልጅ ትርንጎ ከበሩ ወደ መደቡ ስትራመድ ጉልበቷ ታጠፈ።

«አደናቅፎኝ ነው፣ እማዬ» አለች ቶሎ ብላ።

«ምን አደናቀፈሽ?»

ትርንጎ ወለሉን ብታይ ምንም የለም። አንገቷን ደፋች።

«እማዬ፣ ርቦኛል።»

ዘርፌ ከጓያው ቂጣ ቆርሳ ሰጠቻት። ትርንጎ እየተስገበገበች ስትበላ፣ እናቷ እግሮቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታሽላት ጀመር።