ነጭ አቡጀዲ

ሐኪሙ ጣቱን ከወጣቱ ገበሬ ሆድ ውስጥ ማውጣት አልቻለም። ጉና ተራራ ላይ በሬ ወግቶት ትልቁ የደም ሥሩ ተቀዷል፤ ቀዳዳውን የደፈነችው ያቺ ጣት ለአፍታ ብትላላ ደሙ ፈሶ ያልቅ ነበር። አፍኖ ለመስፋት ብዙ ፋሻ ያስፈልጋል፤ የነበረውን ደግሞ ከግንባር የመጡ ቁስለኛ ወታደሮች ጨርሰውታል። ክንዱ እስከ ትከሻው ደንዝዞ ሳለ ሲስተሯ በእንፋሎት የተቀቀለ፣ የተቆራረጠ ነጭ አቡጀዲ ይዛ ገባች። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቃትም። ከተቀደደው በላይና በታች በጨርቁ አጥብቃ ስትጫንለት ጣቱን ቀስ ብሎ አነሳ። ደሙ አልመጣም። «ተመስገን!» አለና መርፌውን ተቀበላት።

ሰፍቶ ሲወጣ የገበሬው እናት የአቡጀዲውን ትራፊ አቅፈው ደጅ ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ልጅዎ ተርፏል። ጨርቁ የእርስዎ ነው እንዴ?»

«አይተርፍም ሲሉኝ ለመግነዙ ከደብረ ታቦር ገበያ የገዛሁት ነው» አሉና ጎንበስ ብለው እጁን ሳሙ። «እድሜ ይስጥህ፣ ልጄ። የቀረው ለእኔ ይበቃል። ቀባሪ አለኝ።»